የመፔቶቹ ጓዳ

ድግስ ላይ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ የሚያየው የቀረበለትን ወጥ ብቻ ነው። እንጀራው እንዳነሰ፣ ጠጅ ቀጂው እንደጠፋ፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ተኮራርፈው አንደኛዋ ጥግ ይዛ እያለቀሰች እንደሆነ የምታውቀው ጓዳ ያለችው ሴት ናት። ያንን ሁሉ በሆዷ ይዛ ሰሃኑን ፈገግ ብላ ታወጣለች። "መፔት ሾው" የተባለውን የአሻንጉሊቶች የቴሌቪዥን ትርኢት ደግሜ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደዚህ ጓዳ ነው። መድረኩ ላይ ዘፈን አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ስመ ጥር እንግዳ አለ። ትርኢቱን ያቆመችው ግን ከመጋረጃው ጎን ያለችው የእንቁራሪቱ የከርሚት ጠረጴዛ ናት ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ዛሬ ልጻፈው።

መነሻውን ባጭሩ፦ ትርኢቱ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1981 ድረስ በአምስት ምዕራፍ፣ በየምዕራፉ 24፣ በድምሩ 120 ክፍል ሆኖ ተሠርቷል። ፈጣሪው ጂም ሄንሰን አሜሪካዊ ነው፤ የተቀረጸው ግን ለንደን አጠገብ፣ ቦረምዉድ በሚገኘው የኤልስትሪ ስቱዲዮ ነው። ሄንሰን በ1974 እና በ1975 ሁለት የሙከራ ዝግጅቶች ሠርቶ ቢያሳይም ታላላቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች እጃቸውን አልዘረጉም። "ሰሰሚ ስትሪት" የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም ከ1969 ጀምሮ ስሙን ከሕፃናት ጋር አስሮት ስለነበር፣ አሻንጉሊት ማታ ለአዋቂ ይታያል የሚለውን የሚቀበል ጠፋ። በመጨረሻ ገንዘቡንም ስቱዲዮውንም የሰጠው እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ባለሀብት ሉ ግሬድ ነው። ትርኢቱ ከ100 በላይ አገሮች ደረሰ።

ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ያረጀ ቲያትር ቤት ውስጥ ነው። እንቁራሪቱ ከርሚት የትርኢቱ አስተዋዋቂም፣ ከመድረክ ጀርባ ያለው ኃላፊም ነው። ጠረጴዛው ከመድረኩ መውጫ አጠገብ ናት፤ ከኋላዋ ወደ እንግዶቹና ወደ ተዋናዮቹ ክፍሎች የሚያወጣ ደረጃ አለ። ይህ አቀማመጥ እንዲሁ የተደረገ አይደለም። ችግር ያለበት ሁሉ በጠረጴዛዋ ፊት ሳያልፍ የትም መድረስ አይችልም። ከመድረክ የሚወጣ የተናደደ፣ ከደረጃ የሚወርድ ያኮረፈ፣ ከውጭ የሚገባ መልእክተኛ ሁሉም ከርሚት ላይ ይወድቃል። እሱ ደግሞ በተናገሩት መሃል ተነስቶ፣ መጋረጃ ገልጦ፣ ለተመልካች ሁሉ ነገር ሰላም እንደሆነ መስሎ ማስተዋወቅ አለበት። በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ሁለት ፊት የጫነ ቀላል መላ ነው።

የጓዳው ሰዎች ጠባይም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው። ስኩተር ተላላኪ ነው፤ ሥራውን ያገኘው አጎቱ የሕንፃው ባለቤት ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ከርሚት እንደልቡ ሊቆጣው አይችልም። ድቡ ፎዚ ቀልድ የሚወድ፣ ቀልዱ ግን የማይሳቅለት ኮሜዲያን ነው። ሚስ ፒጊ ኮከብ መሆኗን የማትጠራጠር፣ ከርሚትንም የማትለቅ አሳማ ናት። ጎንዞ አደጋን እንደ ጥበብ የሚያይ ነው። ከላይ ሰገነት ላይ ደግሞ ስታትለርና ዋልዶርፍ የሚባሉ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የቀረበውን ሁሉ ያጣጥላሉ፤ ግን በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ተመልሰው ይመጣሉ።

አሁን ወደ አሠራሩ። የጓዳው ቀልድ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የሚመለስ አንድ ችግር ነው። ችግሩ ሲጀምር ትንሽና ግልጽ መሆን አለበት፤ ተመልካቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነግርህ መቻል አለበት። ከዚያ መሃሉ ላይ ዘፈን ወይም ጭውውት ይገባል፤ ተመልሰን ስንመጣ ችግሩ አድጎ እንጠብቀዋለን። መጨረሻ ላይ ጓዳው መጋረጃውን ጥሶ መድረክ ላይ ይወጣል። እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ጆን ክሊስ እንግዳ የሆነበትን ክፍል ውሰዱ። ጎንዞ ከመድፍ የተተኮሰ ጥይት በባዶ እጁ ለመያዝ ይሞክራል፤ ይይዘዋል፣ ግን ክንዱ ተስቦ ይረዝማል። መድረክ ላይ ይህ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ሳቁ የሚጎለብተው ያንን የረዘመ ክንድ ይዞ ወደ ጓዳ ሲገባና "ምን ይደረግ?" ሲባል ነው። ሌላ ሾው ቢሆን በቀጣዩ ጭውውት ክንዱ ዝም ብሎ ድኖ ይመጣ ነበር። እዚህ ግን የተጎዳ እንደተጎዳ ይቆያል፤ የጓዳው ሕግ ይህ ነው።

ይህ ሕግ ከመጀመሪያው እንዲህ የጠራ አልነበረም። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተበታተኑ አጫጭር ጭውውቶች ይበዙበታል። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ጄሪ ጁል ዋና ጸሐፊ ሲሆን የጓዳው ታሪክ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ መስፋት ጀመረ፤ መክፈቻውም ስኩተር የእንግዳውን ክፍል አንኳኩቶ መጋረጃ ሊከፈት ስንት ሰከንድ እንደቀረው የሚነግርበት ሆነ። ክፍሉ ገና ሳይጀምር ጓዳ ገብተናል ማለት ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ፖፕስ የሚባል ሽማግሌ በረኛ በሩ ላይ ተቀምጦ የዓለምን ዝነኛ ሁሉ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ከሁለቱ የስኩተርን እመርጣለሁ፤ ሰዓት ይቆጥራልና። ሰዓት የሌለበት ጓዳ ጭንቀት የለውም፣ ጭንቀት ከሌለ ደግሞ ከርሚት ሥራ ፈት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ማን ከማን ጋር እንደሚጨቃጨቅ የሚወስነው አሻንጉሊቱ በማን እጅ ላይ እንዳለ ነው። ከርሚት፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ውሻ ራውልፍ፣ የባንዱ መሪ ዶክተር ቲት እና ዋልዶርፍ ሁሉም የጂም ሄንሰን ናቸው። ሚስ ፒጊ፣ ፎዚ፣ ከበሮ መቺው አኒማል እና ንስሩ ሳም የፍራንክ ኦዝ ናቸው። ስኩተር፣ ስታትለርና የሳይንቲስቱ ረዳት ቢከር የሪቻርድ ሃንት፤ ጎንዞና ሳይንቲስቱ በንሰን የዴቭ ጎልዝ፤ ጊታር ተጫዋቹ ፍሎይድና ትንሹ እንቁራሪት ሮቢን የጄሪ ኔልሰን። እንግዲህ ቁጠሩት። ከርሚትና ፒጊ፣ ከርሚትና ፎዚ፣ እነዚህ ሁለቱ ትልልቅ ጥንዶች በእውነቱ ሄንሰንና ኦዝ ብቻ ናቸው። ስታትለርና ዋልዶርፍ ሃንትና ሄንሰን ናቸው። በንሰንና ቢከር ጎልዝና ሃንት። ፒጊና ፎዚ ግን በአንድ ሰው እጅ ስላሉ ረጅም ወግ ሊያወጉ አይመችም፤ አብረው መታየት ካለባቸው አንደኛውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ድምፁም በኋላ ይገባል። እንዲያ ሲሆን ደግሞ በመሃል የሚፈጠረው ፈጣን መልስ ይሞታል። ጸሐፊዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጭቅጭቁን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ወደያዟቸው ይወስዱታል።

ፈጣን መልሱ የሚከፍለውን ዋጋ በፒጊ እናየዋለን። ጽሑፉ ላይ የነበረው ጥፊ ነው። ኦዝ በልምምድ ላይ ጥፊውን ትቶ የካራቴ ምት ሰነዘረ፤ ያች ምት የጠባይዋ መገለጫ ሆና ቀረች። በቦኒ ኤሪክሰን እጅ በ1974 ስትሠራ ፒጊ ከብዙ አሳማዎች አንዷ ነበረች። ኮከብ ያደረጋት በሁለት እጆች መካከል በድንገት የተፈጠረ ነገር ነው።

ከጠረጴዛዋ በታች ያለውንም እንየው። የመድረኩ ወለል ከመሬት ከፍ ተደርጎ በእግሮች ላይ ይሠራል፤ አንቀሳቃሾቹ ከታች ቆመው እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘረጋሉ። ከርሚት ቆሞ ከሦስት ተዋናዮች ጋር ሲነጋገር ከታች አራት ወይም አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ እያቋረጠ፣ ግንባሩ ላይ ማይክሮፎን አስሮ ይሠራል ማለት ነው። ዓይናቸው የሚያየው አሻንጉሊቱን አይደለም፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ሞኒተር ነው። ሄንሰን ወደ ቴሌቪዥን ያመጣው ትልቁ ለውጥም ይህ ነው፤ ጥንታዊውን የአሻንጉሊት ሳጥን ትቶ የካሜራውን ፍሬም ራሱን መድረክ አደረገው። አንቀሳቃሹ ተመልካቹ የሚያየውን ያንኑ ምስል ያያል፣ ስለዚህ የዓይን አቅጣጫን በጣት ስፋት ያህል ማረም ይችላል።

ችግሩ ምስሉ እንደ መስታወት አለመሆኑ ነው። ወደ ካሜራው ዞረህ እጅህን ወደ ቀኝህ ብትወስድ ሞኒተሩ ላይ አሻንጉሊቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከፍሬሙ እየወጣ መሆኑን አይቶ ሊመልሰው ሲል ጭራሽ ያወጣዋል። ዛሬ በስልክ የሚለማመዱ ልጆች ተጨማሪ ወጥመድ አለባቸው፤ የስልክ የፊት ካሜራ ስትቀርጽ የሚያሳይህ ገልብጦ ነው። በእሱ የለመደ እጅ እውነተኛ ሞኒተር ፊት ሲቆም ሁሉም ይዞርበታል። የሚሻለው በኋላ ካሜራ መቅረጽና ምስሉን ሌላ ስክሪን ላይ እያዩ መለማመድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት መስመጥ ነው። ክንድ ሲደክም አሻንጉሊቱ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ ደረቱ፣ ከዚያ አገጩ ይጠፋል። ሦስተኛው ሰማይ ማየት ነው። ክንድህን ቀጥ አድርገህ ስትዘረጋ የአሻንጉሊቱ ፊት በራሱ ወደ ጣሪያ ይቀናል፤ ስለዚህ የእጅ አንጓ ሁልጊዜ ወደፊት መታጠፍ አለበት፣ እስኪያም ድረስ። ሰውን ከማያይ አሻንጉሊት ጋር ጭቅጭቅ የለም፤ የከርሚት ጠረጴዛ ቀልድ ደግሞ ሁሉም ጭቅጭቅ ነው።

አፍ አከፋፈቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአማርኛ አሻንጉሊት ለሚያናግሩ በቀጥታ የሚጠቅም ነውና። አፉ የሚከፈተው በአውራ ጣት ነው። አራቱ ጣቶች የላይኛውን መንጋጋ ይዘው ዝም ይላሉ፣ አውራ ጣት ወደ ታች ይወርዳል። ጀማሪ አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ያነሳል፤ ያኔ የራስ ቅሉ እንደ ድስት ክዳን ይከፈታል፣ ዓይኖቹም በየቃሉ ወደ ሰማይ ይዘላሉ። ሌላው፦ አፉ ድምፁ ሲወጣ ይከፈታል እንጂ ቃሉን እየነከሰ አይዘጋም። ቁጥሩ ደግሞ እንደ ፊደሉ ብዛት አይደለም። "ተመልካቾች" ስድስት ፊደል ነው፣ አፉ የሚከፈተው ግን አራት ጊዜ ነው፦ ተ፣ መል፣ ካ፣ ቾች። አናባቢ የሌለው ሳድስ አፍ አያስከፍትም። "ሰላም" ሁለት ጊዜ ከፍቶ በ"ም" ላይ ይገጠማል፤ በ"ም" እና በ"ብ" አፉ ተከፍቶ ከቀረ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል። በዝግታ፣ በአንድ ቃል፣ ከዚያ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለማመድ ይበቃል፤ በቀን አሥር ደቂቃ ከዚያ በላይ ክንድም አይችል።

ሌላዋ እጅስ? ቀኝ እጅ ራስ ውስጥ ስለሚገባ፣ በቀጭን ዘንግ የአሻንጉሊቱን ክንድ የምታንቀሳቅሰው ግራ እጅ ናት፤ ለዚህ ነው አብዛኞቹ መፔቶች ግራኝ የሆኑት። ከርሚት እንዲህ ያለ የዘንግ አሻንጉሊት ነው። ፎዚ፣ ራውልፍና ስዊድናዊው ሼፍ ግን እቃ የሚይዙ፣ ጣት ያላቸው ናቸው፤ ለነዚህ አንድ ሰው አይበቃም፣ ሁለተኛው ሰው ተጠግቶ አንደኛውን እጅ ይለብሳል። የሼፉ ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ጓንት እንኳን የለውም፤ የሚታዩት የኦዝ ባዶ እጆች ናቸው፣ ራሱንና ድምፁን የያዘው ሄንሰን ነው። ሄንሰን የሚቀጥለውን አያውቅም፣ ኦዝ ደግሞ የሚይዘውን ዕቃ በሞኒተር ብቻ ያየዋል። እጆቹ ዕቃ ሲወረውሩ ራሱ ዘግይቶ ዞር ይላል፤ ያች የግማሽ ሰከንድ መዘግየት በጽሑፍ ልትመጣ አትችልም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ወደ ከርሚት ፊት ለመድረስ ነው። ከርሚት መጀመሪያ በ1955 ሲሠራ ሰውነቱ የሄንሰን እናት አሮጌ ካፖርት፣ ዓይኖቹ ለሁለት የተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነበሩ፤ ያኔ እንቁራሪት እንኳን አልተባለም። የኋላ ከርሚትም ቅለቱን አልለቀቀም። የሌሎቹ ራስ ከወፍራም ስፖንጅ ተቀርጾ ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ግን አይታጠፍም። የከርሚት ፊት ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ከስሩ ያለው የሄንሰን እጅ ነው። ጣቶቹን ሲሰበስብ አፉ ይጨመደዳል፣ አንጓውን ሲያዞር ጉንጩ ይጎብጣል፣ ጡጫ ሲያደርግ ፊቱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ፎዚ መጥቶ የማይሆን ነገር ሲነግረው ከርሚት አንድ ቃል ሳይናገር ፊቱን ሲጨማድድ አስተውሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሳቁ የሚመጣው። ቀልዱን የሚናገረው ፎዚ ነው፣ የሚያስቀው ግን የሚሰማው ነው። ጓዳው የሚቆመው በዚህ ሰሚ ፊት ላይ ነው።

ዓይኖቹን በሚመለከት ዶን ሳህሊንን ሳልጠቅስ አላልፍም። የመፔቶቹን መልክ ካወጡት ዋናው ሠሪ እሱ ነው። ዓይኖች፣ አፍንጫና አፍ በሦስት ማዕዘን ተቀራርበው መቀመጥ አለባቸው፣ ዓይኖቹም ጥቂት ወደ መሃል ማየት አለባቸው፤ ያኔ አሻንጉሊቱ የሚያየውን ነገር በእውነት የሚያይ ይመስላል። ሳህሊን ዓይኖቹን የሚያጣብቀው መጨረሻ ላይ ነበር። በቤት ለሚሠራ ሰው ምክሬ ያው ነው፦ ዓይንን በመርፌ ቁልፍ ለጊዜው ይዘህ፣ በካሜራ አይተህ፣ አንድ ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀስህ ካስተካከልክ በኋላ ብቻ ሙጫ ቀባ። ለስፖንጁ ግማሽ ኢንች ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ የወፈረው ይከብዳል፣ ክንድም ቶሎ ይሰምጣል። ስፌቱንም ጸጉራም ጨርቅ ላይ ስፍተህ፣ የተቀበረውን ጸጉር በመርፌ ጫፍ አውጥተህ ብትበትነው መስመሩ ይጠፋል።

አንዲት ትንሽ ነገር፦ በእንግሊዝ ማስታወቂያው ከአሜሪካ ያነሰ ስለነበር ክፍሎቹ እዚያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይረዝሙ ነበር። ለዚያ ክፍተት በየሳምንቱ አንድ ተጨማሪ ዘፈን ወይም ጭውውት ይሠራ ነበር፤ ሲወጣ ታሪኩ እንዳይጎድል ደግሞ ከጓዳው ችግር ጋር አይገናኝም። ስለዚህ አንድ ዘፈን ወይም ጭውውት ያለ ምንም ምክንያት መጥቶ ከሄደ ያች ናት።

ደግሜ ደጋግሜ የማየው የአሜሪካዊውን ድምፃዊ የሃሪ ቤላፎንቴን ክፍል ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የጓዳው ችግር ቀላል ነው፦ ፎዚ የዕለቱን ጽሑፍ እኔ ልጻፍ ይላል፣ ከርሚትም ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አይከብድም፤ ሰው ሁሉ የማይሆን ጽሑፍ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ይመጣል፣ ከርሚት ደግሞ ወዳጁን ላለማስቀየም ሲል አፉን ይዞ ይቆያል። ቤላፎንቴ ከአኒማል ጋር በከበሮ ይፎካከራል። ይህ ሁሉ ግርግር አልፎ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጓዳው ጸጥ ይላል። ቤላፎንቴ ጊኒ ውስጥ ያገኘውን የአንድ ተራኪ ሐሳብ ያወጋል፤ ሁላችን ከውሃ፣ ከእሳት፣ ከተራራ መጣን የሚል። ከዚያ ይዘፍናል፣ በዙሪያው የአፍሪካ ጭምብል የሚመስሉ አሻንጉሊቶች ከጨለማው ይወጣሉ። ጭምብሎቹ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱንም ሕዝብ ሃይማኖት እንዳይነኩ ተጠንቅቀውበታል። ግርግሩ ባይቀድመው ኖሮ ይህ ጸጥታ እንዲህ አይሰማም ነበር።

ቤላፎንቴን እኛ በሌላ እናውቀዋለን። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የአሜሪካ ድምፃውያን ተሰብስበው ለኢትዮጵያ እንዲዘፍኑ ሐሳቡን ያነሳው እሱ ነው። ያ ሳይሆን ከስድስት ዓመት በፊት በኤልስትሪ ከአሻንጉሊቶች መሃል ተቀምጦ ይህን ሲዘፍን ማየት ለኔ ልዩ ነገር አለው።

ሄንሰን በግንቦት 1990 ገና በ53 ዓመቱ ሞተ። ኒው ዮርክ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ሲደረግ ራሱ እንደጠየቀው ጥቁር የለበሰ አልነበረም። ቤላፎንቴ ያንኑ የጊኒውን ዘፈን ዘፈነ። ለተሰበሰበው ሰው አስቀድሞ ባለ ብዙ ቀለም የስፖንጅ ቢራቢሮ ታድሎት ነበር፤ እያንዳንዱ ቢራቢሮ በአሻንጉሊት ክንድ ማንቀሳቀሻ ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ። ዘፈኑ ሲጀመር ካቴድራሉን የሞላው ሕዝብ ዘንጉን ከራሱ በላይ አንስቶ ቢራቢሮውን ማብረር ጀመረ።